የታላቁ ደም

«የታላቁ ልጅሽ ደም ብልቃጡ ውስጥ ረግቷል፤ አሁን ከተረከዙ እወስዳለሁ» አለች ሲስተር ጀማነሽ የአራሶች ክፍል በር ላይ ቆማ።

አልጋ ላይ ያለችው ማዕዛ፣ ሲስተሯ የአምናውን የሕክምና ካርዷን ያነበበች መሰላት። «ሲስተር፣ እሱ እኮ አምና በሾተላይ የሞተው ልጄ ነው። ዛሬ የወለድኩት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት።»

«የአምና ደም ይዤ ካዛንቺስን የምዞር መሰለሽ? ጠዋት ከሁለት እትብት የቀዳሁት እኔው ነኝ። ልጆቿን መቁጠር ያቃታት እናት ገና ዛሬ አየሁ።»

ከጎን አልጋ የተኛችው አራስ ሳቀች።

ማዕዛ እቅፏ ውስጥ ያለችውን ልጅ አየች። የልጅቷ ዓይን ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው፤ የእትብቷ ደም ውጤት ካልመጣ ደግሞ ሕክምና አይጀመርላትም። አምናም እንዲሁ ውጤት ሲጠበቅ መሽቶ ነበር ልጁ የሞተው።

«የእሷ ውጤትስ?»

«የሁለቱም ካልተሟላ አይወጣም። አላስነካም ካልሽ ፈርመሽ ይዘሻቸው ውጪ።»

ማዕዛ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈቻት። ጊዜ ከሚባክን ብላ «እሺ፣ ውሰጂ» አለች።

ሲስተር ጀማነሽ ወደ አልጋው መጥታ ከግርጌ በኩል ጋቢውን ገለጠች። ከማዕዛ እግር አጠገብ አንድ ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር፤ ተረከዙን ይዛ ወጋችው። ልጁ እግሩን ሰበሰበ።