ሦስተኛው ጥሪ

"በአንድ ወር ውስጥ እዚህ ቤት ስመጣ ሦስተኛዬ ነው!" አለች የአምቡላንሷ ነርስ፣ መሬት ላይ ከተዘረረችው ወጣት ልብስ ሰፊ ጎን ተንበርክካ። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ሊቆም ምንም አልቀረውም። ነርሷ የሞርፊን ማርከሻውን ወጋቻት፤ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር እየሰጠቻት ንዴቷን መዋጥ አቃታት።

"ይህን ሞርፊን የሚሸጥላት ሰው ልጅ የለውም? ባገኘው በዚህ እጄ አንቀው ነበር!"

"ተይ ልጄ፣ ደምሽን አታፍዪ፤ ፖሊስ ይይዘዋል" አሏት ሾፌሩ ቃሬዛውን እየዘረጉ።

ልጅቷ ድንገት በረጅሙ ተነፈሰች፤ ዓይኗንም ገለጠች። ከነርሷ ትከሻ በላይ ሾፌሩን ስታይ እንባዋ መጣ።

"ጋሽ ደምሰው" አለች በሰለለ ድምፅ፣ "ሲሸጡልኝ እንደ በፊቱ ነው ብለውኝ አልነበር?"