የጽገ ጣሪያ ሚስማር

ባህታ ሦስት ቁራጭ ቆርቆሮ ከፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድራል። ከኤርፖርት፣ ከጠዋት ፈረቃው በቀጥታ የመጣ ነው፤ የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ሽቫንሃይም በሚባለው ሰፈር ካለችው የአትክልት ቦታዬ በላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል።

«ይምረጡልኝ ጋሼ» ይላል። «ወደ ሐምቡርግ ወደብ የሚሄደው መኪና ነገ ይጭናል። እናቴ፣ ተክለ ማርያም ያለህን ብቻ ግዛ ብላኛለች።»

ተክለ ማርያም የምትለው እኔን ነው። እናቱ ጽገ የምትኖረው አሰብ ነው፤ ቤቷ ከባሕሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ቆርቆሮ ያለበስኩት እኔ ነኝ። በስምንተኛው ዓመት ነፋስ ገንጥሎ ወሰደው፤ ወሬውን የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ድንጋይ በተጫነበት አሮጌ ቆርቆሮ ሥር ነው። ልጇ አሁን አዲስ ሊያለብስላት ነው።

የመጀመሪያውን አነሣለሁ። ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ጠርዙን አጥፌ አየዋለሁ፤ ቅቡ ስስ ነው። ለደጋ ይሆናል እለዋለሁ። ሁለተኛው ቀይ ቀለም አለው። በቁልፌ ጫር ሳደርገው ከሥሩ ብረቱ ብቅ ይላል። ባህታ ይሥቃል። እናቱ በፎቶ አይታ ቀዩን ወዳለች፤ ከሩቅ እንዲታይላት።

«ለማን?»

«ለጎረቤት።»

«ጎረቤት ሲላጥም ያያል» እለዋለሁ።

ሦስተኛው አሉሚኒየም ነው፤ ወፍራም። በጣቴ አንኳኳዋለሁ። ይኼን ውሰድ እለውና፣ በምን ሊመታው እንዳሰበ እጠይቀዋለሁ። ሚስማር የትም አይጠፋም፣ እዚያው ይገዛል ይለኛል። ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ያወጣል። እናቱ በሰው የላከችው ናሙና ነው።

የዛገ የቆርቆሮ ሚስማር ነው። አንገቱ ላይ ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አለ፤ አራት ማዕዘን። ከእኔ በቀር ሌላው ሰው ሁሉ ክብ ነበር የሚቆርጠው።

«ሚስማሩ ደግ ነበር፣ ጣሪያውን የበላው ባሕሩ ነው ትላለች» ይላል ባህታ። «ከዚህ ሌላ እንዳታስመታ ብላለች።»

ሚስማሩን መዳፌ ላይ አገላብጠዋለሁ።

ያኔ የጽገን ጣሪያ ያለበስኩበት አሉሚኒየም የመጣው ወደቡ ላይ ከፈረሰ መጋዘን ነው። ከዚያ በፊት ነክቼው አላውቅም። ታውቀዋለህ ወይ ሲሉኝ አውቃለሁ አልኩ። የማውቀው የብረት ሚስማር ነበርና በዚያው መታሁት። በሁለተኛው ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ ብላ ጠራችኝ። ጣሪያው ላይ ስወጣ በየሚስማሩ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ጨው አይልም። ሚስማሩን ስነቀንቀው ቀዳዳው ሰፍቷል። ወርጄ፣ የባሕር ጨው ነው፣ ምን ይደረጋል አልኳት። ዓሣ ጠብሳ ጠበቀችኝ። በላሁ።

«የማይዝግ ብሎን ግዛ» እለዋለሁ ለባህታ። «ሰፊ ጎማ ያለው። የግንባታ ዕቃ መሸጫው ባውማርክት ሞልቷል። ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይታሰር፣ ውኃ ከሚወርድበት አይደለም።»

ራሱን ይነቀንቃል። እናቱ እሺ አትልም። በጋሽ ተክለ ማርያም እጅ የተፈተነ ሚስማር እያለ፣ ትላለች። ሠራተኛውን ከመሰላል ታስወርደዋለች። ይኼን እያለ ስልኩን አውጥቶ ይደውላል።

«ራስዎ ይንገሯት» ብሎ ያቀብለኛል።

ድምፅዋ ቀጥኗል። ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ብርዱ፣ ቆርቆሮውን መርጬ እንደሆነ። መርጫለሁ እላታለሁ። ልጄ የዋህ ነው፣ ያገኘውን እንዳይገዛ ብዬ ነው ያስቸገርኩህ ትለኛለች። እዚህ ላይ ብዘጋው ይዘጋል። ባህታ ከፊቴ ቆሞ ያየኛል።

«ጽገ» እላለሁ። «ያ ነጩ ነገር ጨው አልነበረም።»

«የቱ?»

«ሚስማሩ ዙሪያ የነበረው። ቆርቆሮውን የበላው የኔ ሚስማር ነው። ብረትና አሉሚኒየም ባሕር አጠገብ አይስማሙም። የዚያን ቀን ቀምሼ ዐውቄአለሁ።»

ባህታ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ጎመኑን ያያል። ሌላ አውሮፕላን ያልፋል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ጎረቤቴ ሳልሕ?» ትላለች በመጨረሻ።

«ሳልሕ ምን ሆነ?»

«አምና ልጆቹ እንዲህ ያለ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ላኩለት። በብረት ሚስማር አስመታው ያልኩት እኔ ነኝ። ተክለ ማርያም የመረጠው ነው ብዬ።» ድምፅዋን አላነሣችም። «ተካልኝም እንደዚያው። ከኔ ሰምቶ።»

«ሌላስ?»

«ቆይ።»

ትንፋሽዋ ይሰማኛል። ከቤት ወጥታ ደጅ መቆሟ ነው፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ልጀምርልህ ትለኛለች። ባህታ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሶቹን ይዳብሳል። አልጠብቀውም። አሉሚኒየሙን ወደ እኔ እስባለሁ፤ ሚስማሩ እጄ ላይ ነው።

እንደዚያው ያስመታ ሰው ስም በጠራች ቁጥር ቆርቆሮው ላይ አንድ ጭረት እጭራለሁ። በቀስታ ትጠራለች፤ በየቤቱ ፊት እየቆመች እንደምታልፍ ሰው። ዘጠነኛውን ጭሬአለሁ። ገና ባሕሩ ጋ አልደረሰችም።