ከማዳበሪያው ዝርዝር የተሰረዙት አባት

«ስምዎን ማን ነው የሰረዘው፣ አባባ?» ተማም ስልኩ ላይ ጮኸ።

ስክሪኑ ላይ አባቱ ከቀበሌው የማዳበሪያ መጋዘን ደጃፍ ቆመዋል። ከኋላቸው ወረፋ የያዙ ገበሬዎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዝናቡ ከጣለ ሳምንት አልፎታል፤ የታረሰው መሬት ዘር ይጠብቃል። መንግሥት የሚደጉመው ዩሪያ ዛሬ ካልተገኘ ከነጋዴ እጅ ዋጋው አይቀመስም። ያ መሬት ደግሞ ያለ ማዳበሪያ ቤተሰብ መመገብ ካቆመ ቆይቷል።

«ተወው ልጄ፣ አትቆጣ።»

«አልተወውም! ጁነይድን ያገናኙኝ።»

የዝርዝሩ ኃላፊ ጁነይድ ከተማም ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ነው። ስልኩን ተቀብሎ ፈገግ ሲል የተማም ደም ፈላ።

«እንዴት ነህ ባለሀብቱ?»

«ሽማግሌ ከወረፋ አስወጥተህ እንዴት ነህ ትለኛለህ?»

«መመሪያ ነው ወንድሜ። ድጎማው ቅድሚያ ለችግረኛ ነው። ጆሃንስበርግ ልጅ ያለው ሰው ችግረኛ ሊባል ነው? ነጭ መኪና ተደግፈህ የተነሳኸው ፎቶ እኮ እቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አገር ያየውን እኔ ልካደው?»

መኪናዋ ተማም ለሱቁ ዕቃ የሚያመጣበት የጅምላ ነጋዴ ፒክአፕ፣ በአገሬው አጠራር «ባኪ»፣ ነበረች። እዚህ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሰው ፒክአፕ ተደግፎ ፎቶ መነሳትና አገር ቤት መላክ። በጁነይድ ተናደደ፤ በራሱ ደግሞ ይብስ ተናደደ።

«የእኔ አይደለችም! ዘይት ልጭንባት ሄጄ ነው የተነሳሁት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል አልሰማህም?»

«እሱን ለሌላ ንገር። ስትጠየቁ ሁላችሁም ድሃ ናችሁ።»

«እንግዲያው እይ!» ካሜራውን አዞረው።

ጆሃንስበርግ ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ያለችው ትንሽ ሱቁ ትናንት ተዘርፋለች። መደርደሪያው ተነቅሏል፣ ፍሪጁ ተወስዷል፣ የበቆሎ ዱቄት ወለሉ ላይ ተረግጧል። የሚተኛበትን ፍራሽ እንኳ አልተዉለትም። አሮጌ ፍራሽ ለማን ሊበጅ! ይህን ሁሉ ለአባቱ አልነገራቸውም ነበር።

የጁነይድ ፈገግታ ጠፋ። «ወላሂ አላወቅኩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆይ፣ ከወረፋው ሦስት ሰው አይቶ ይመስክርልኝ። አባባን አሁኑኑ መልሼ እጽፋቸዋለሁ።»

ስልኩን ወደ ገበሬዎቹ ሊያዞር ሲል ስክሪኑ ጨለመ። ከጁነይድ ጎን ሆነው ሁሉንም ያዩት አባቱ ነጥቀውት ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠውታል።

«አባባ፣ ያሳዩአቸው!» ተማም ጮኸ። «ይዩኝ! ምን ያሳፍራል? እርሻው ጦም ሊያድር ነው እኮ!» ጋቢው ድምፁን ዋጠው።

«አባባ፣ ስልኩን ይስጡኝ። ሦስት ሰው ካየ ይበቃል» ሲል ጁነይድ ይለምናቸዋል።

«ምኑን ነው የሚያዩት?» አሉ አባቱ፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቶለታል። ማዳበሪያውን ለቸገረው ስጡት።»

ተማም ባዶው ሱቅ መሃል ቆሞ፣ ገበሬዎቹ ባንድ ድምፅ «ማሻአላህ!» ሲሉ ሰማ።