ጥቁር ፕላስተር

ባልና ሚስቱ ሴት ልጃቸውን በቀበሩ በአምስተኛው ቀን፣ መካኒኩ ልጅቷ የሞተችባትን የተጨማደደች መኪና ቁልፍ አዞረና ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ፕላስተር በጥፍሩ ላጠው። ከስሩ የጎማ ንፋስ መጉደሉን የሚናገረው ቢጫ መብራት ቦግ አለ። «ጎማው የፈነዳው ንፋስ አጥሮት ነው። መኪናዋማ ስትነግራችሁ ከርማለች» አለና ፕላስተሩን ለአባትየው ሰጠው። «ማነው አፏን የዘጋው?»

አባትየው ፕላስተሩን በጣቶቹ መሃል አድበለበለው። ልጅቷ «አባዬ፣ ይቺ መብራት ምንድናት?» ስትለው፣ «ሴንሰሩ አብዶ ነው፣ አታስቢ» ብሎ የለጠፈው እሱ ነበር።

«ልጄ ናት» አለ ቀና ሳይል። «መብራቱ ያስጠላኛል ትል ነበር።»

ከዚያ ሚስቱን ፈራ ተባ እያለ በጎን አያት። ያን ቀን ፕላስተሩን የቆረጠበትን መቀስ ያቀበለችው እሷ ነበረች።

«አዎ» አለች ሚስቱ። «እሷ ናት።»