የእታለም ድርሻ

«እናቴን ግን ከዚህ ዝርዝር አውጡልኝ» አለ ጅሎ፣ ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ ብሎ።

ከድንበሩ ማዶ ባለችው ሞያሌ፣ ኦዳ መንደር ዳር ካለው ትልቅ ግራር ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ዞሮ አየው። የአካባቢው አስተዳዳሪ ቺፍ አዳኖ ከማለዳ ጀምረው አዲሱን ደንብ ሲያስረዱና ስም ሲመዘግቡ ነበር፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ ከመንግሥት የአረጋውያን ድጋፍ ገንዘብ ያገኛል። ደንቡ ቀላል ነው። ባራዛ የሚሉት የሕዝብ ስብሰባ ግን ስብሰባነቱ ቀርቶ ሙግት ከሆነ ቆይቷል።

ሙግቱን የጀመረው ዲዳ የሚባል ከብት ነጋዴ ነበር። «ልጅ የወለድነው ለምንድን ነው? መንግሥት እናቶቻችንን ከጦረልን እኛ ምን ልንሠራ ነው? እንዲህ ከሆነ ትልቁም ትንሹም ይሰንፋል» አለ። ፍየል አርቢዋ አሻ ከሴቶቹ መሐል ሆና፣ «የኔ ልጅ ናይሮቢ ነው። የማውቀው በስልክ ድምፁን ነው። ድምፅ ይበላል እንዴ?» ስትል መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚሰማ አይታወቅም ነበር።

ጅሎ በያጅ ነው። አስፋልቱ ዳር የተሰባበረ የጭነት መኪና ሲበይድ ይውላል። አባቱ ጉዮ ከሞቱ ጀምሮ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ የግመል ወተቱን ሳያጓድል ለእናቱ የሚያመጣ እሱ ነው። ሠርቶ የሚያድር ልጅ እያላቸው እናቱ ከሌላ እጅ ሲቀበሉ ማየት እንደ ስድብ ሆነበት።

«ለምን ይውጡ?» አሉ ቺፉ።

«እኔ አለሁላታ። የሷን ድርሻ ሰው ለሌለው ስጡት።»

ዲዳ ጭኑን መታ አደረገ። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጅሎ ደረቱን ነፋ። እናቱም እንደሚኮሩበት እርግጠኛ ሆኖ ወደ ሴቶቹ ዞር አለ።

እናቱ እታለም ቆመዋል። የቀሚሳቸውን አቧራ ያራግፋሉ። በወጣትነታቸው ከኢትዮጵያ ሸሽተው፣ ድንበሩን ተሻግረው መጥተው፣ ጉዮን አግብተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። የአካባቢውን ቋንቋ ቦረንኛን እንደ አገሬው ቢናገሩም ስብሰባ ላይ ማዳመጥ እንጂ መናገር ልማዳቸው አልነበረም።

«ጅሎ» አሉ በአማርኛ። የቤታቸው ቋንቋ ስለሆነ በሱ ካወሩ ሌላው የማይሰማቸው ይመስላቸዋል። ሞያሌ ላይ አማርኛ የማይሰማ ሰው ማግኘት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ባራዛው ሁሉ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዘነበለ።

«አቤት፣ እማ።»

«ራበኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«አላውቅም። ተመስገን ነው። አሁን ጎረቤታችን ሀያቱ የወለደች ጊዜ አስታውስ። ስኳር ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና በሩን ሳልፍ ምን አሉኝ? ‹ጅሎ ይባረክ።› የሙሐረም እናት ስትታመም ደግሞ ወተት ወሰድኩላት። እሷም ከተኛችበት ቀና ብላ፣ ‹ጅሎ ይባረክ› አለች። ያን ሁሉ ዳገት ተሸክሜ የወጣሁት እኔ፣ ላብ ያጠመቀኝ እኔ። የሚባረከው ጅሎ።»

ሳቁ ከአሻ ጀመረ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተሻገረ።

«ታዲያ ስባረክልሽ ደስ አይልሽም?» አለ ጅሎ፣ ፊቱ እየጋለ።

«ደስ ይለኛል እንጂ። ግን እኔም መባረክ አማረኝ።» እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትህ በሕይወት ሳለ የራሴ ፍየሎች ነበሩኝ። እንግዳ ሲመጣ አንዷን ስጎትት ማንንም አላስፈቅድም ነበር። ድርቁ ከፈጃቸው ወዲህ እጄ የሚያውቀው መቀበል ብቻ ነው። አንተ ያን ዘንቢል ይዘህ ስትገባ ፊትህ ሲበራ አየዋለሁ። ያንን ደስታ ለብቻህ ይዘኸዋል፣ ልጄ። ለኔም ትንሽ አካፍለኝ።»

እውነታቸውን ነው። ጅሎ ቀኑን ሙሉ እሳት ሲተፋበት ውሎ፣ ያን በር በዘንቢሉ ገፋ አድርጎ የሚገባባትን ቅጽበት በምንም አይለውጣትም። እናቱ ከበሩ ወዲያ ማዶ ቆመው ምን እንደሚሰማቸው ግን አስቦት አያውቅም ነበር።

«እማማ እታለም፣ ልጅዎ ቢሰንፍብዎትስ?» አለ ዲዳ፣ የመጨረሻ ሙከራውን ሲያደርግ።

«እሱን ለኔ ተወው፣ ዲዳ። ሲሰንፍ ካየሁት ዱላ አላጣም።»

ዲዳ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቺፉም ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «እህ፣ ጅሎ። ይውጡ ወይስ ይቆዩ?» አሉ።

«ትቆይ» አለ ጅሎ። «እኔን ማን ጠየቀኝና።»

እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ሥርዓት የሚባል ነገር አልተረፈም። አንዱ ሽማግሌ ለእህታቸው ኩታ፣ ሌላው ለልጅ ልጃቸው ግልገል እየመደቡ፣ ከሚያገኙት ገንዘብ ማን ለማን ምን እንደሚሰጥ ይከራከሩ ጀመር። እታለም በጫጫታው መሐል አልፈው ልጃቸው ዘንድ ደረሱ።

«ዙርና ቁም።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በመጀመሪያው ገንዘቤ ሸሚዝ ላሰፋልህ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ሳትይዢ አትምጪ ትላለች። ዙር ብዬሃለሁ።»

ጅሎ ዞረ። እንዲደርሱለትም ጉልበቱን ሸብረክ አደረገና እጆቹን ግራና ቀኝ ዘረጋ። ሰው ሁሉ እያየው፣ የብየዳ እሳት የበሳሳው ካናቴራው ላይ የእናቱ ጣቶች በስንዝር በስንዝር፣ ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው በዝግታ ይሄዱ ጀመር።