አርባ አንደኛው መጠይቅ

«እንጉዳይ? ኧረ እኛ እንጉዳይ አናውቅም» ይላሉ እትዬ ቱርኪያ፣ ከሰፌዱ ላይ ምስር እየለቀሙ።

«ለምግብም ለመድኃኒትም?»

«ለምንም። ወላሂ፣ አፌ ላይ አድርጌው አላውቅም።»

ፋኢዛ «አይታወቅም» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። አርባ አንደኛው መሆኑ ነው። ሦስት ሳምንት የኩታበርን ጭቃ ስትረግጥ ከርማ ጫማዋም ወገቧም አልቋል። ዛሬ ደሴ ገብታ ነገ ለአማካሪዋ ልታስረክብ ነው፤ አማካሪዋም የፈራችውን ሊላት ነው፤ በአካባቢው የእንጉዳይ ባህላዊ አጠቃቀም የለም፣ ርዕስ ቀይሪ። የሁለት ዓመት የመመረቂያ ጥናት ልፋት በአንድ መስመር ሊያልቅ። ማልቀስ አምሯታል፤ ለማልቀስም ግን ጉልበት ያስፈልጋል።

ከጣራው የሚረግፍ ቡናማ ብናኝ ወረቀቱን ያቆሽሽባታል። እፍ ትለዋለች። የገባችበት ቤት ሁሉ ይሄው ጥላሸት ነው።

«ለመሆኑ ይሄ የምትለፊለት ነገር ተክል ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ዘሩ ሲቆጠር ከተክል ይልቅ ወደ እንስሳ ይቀርባል።»

«አጃኢብ!»

እርሳሷ ዶልዱሟል። ናሙና በምትቆርጥበት ቢላዋ ልትቀርጸው ስትል፣ የደከመ እጅ ነውና ይስታታል። ከአውራ ጣቷ የፈሰሰው ደም መጠይቁ ላይ ይንጠባጠባል።

«አብሽሪ፣ አብሽሪ!» እትዬ ቱርኪያ ከጣራው ወራጅ ላይ የተንጠለጠለች የሳሳች የጨርቅ ቋጠሮ ያወርዳሉ። ከውስጧ እንቁላል የሚያህል የደረቀ ነገር አውጥተው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ቁስሉ ላይ ሲጨምቁት ቡናማ ዱቄት ቡን ይላል። ደሙ ቀስ እያለ ይቆማል።

ፋኢዛ የተረፈውን ቅርፊት ተቀብላ ታገላብጠዋለች። ታውቀዋለች፤ የሳይንስ ስሙን ሳይቀር።

«ይሄን ምን ይሉታል?»

«የጅብ ጥላ ነዋ። ሳይዘረጋ የደረቀው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እንጉዳይ ነው! አናውቅም አላሉኝም?»

«እንጉዳይማ ከተሜ የሚበላው ነው። ይሄ መድኃኒት ነው።» ይስቃሉ። «ዘሩ ወደ እንስሳ ነው ካልሽስ፣ እኛም የጅብ ያልነው ወደን አይደለማ!»

ፋኢዛ መሳቅ ያቅታታል። «ሌላ ሰው ቤትስ አለ?»

«የሌለው ማን አለ፣ ልጄ? ቋጠሮ ያልሰቀለ ቤት ካየሽ ንገሪኝ።»

ከመንገዱ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ጡሩምባውን ይነፋል። ፋኢዛ አትነሳም። አርባ ቤት፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

ጭኗ ላይ ያለውን መጠይቅ ትመለከታለች። ከደሟ ጠብታ አጠገብ፣ «አይታወቅም» የሚለው ላይ፣ ጥላሸት መስሏት ሦስት ሳምንት ከየወረቀቱ ስታራግፈው የከረመችው ቡናማ ብናኝ መልሶ አርፏል። ይሄኛውን እፍ አትለውም።