በቢጫ ክር የተሰፋው ደረሰኝ

«ጋሼ… በእኛ ወረቀት ላይ እኮ እርስዎ ምንም ገቢ የለዎትም።»

የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ ይህን ስትለው ሶፋ ሠሪው መጀመሪያ ሳቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሶፋ የሠራ ሰው ነው… እጁ ላይ ያለው የኮላ እድፍ በሳሙና እንኳን አይለቅም።

ስምንት ሠራተኛ ያስተዳድራል። የእሱን ሶፋ የፈለገ ሁለት ወር ወረፋ ይጠብቃል።

«የኔ ልጅ፣ ስም ተሳስቶብሽ እንዳይሆን» አላት።

አልተሳሳተባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው… መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ የእነሱ ረድፍ ሱቆች በሙሉ ሊፈርሱ ነው።

ካሳው የሚሰላው ደግሞ ነጋዴው ባለፉት ሦስት ዓመታት «ይህን ያህል አተረፍኩ» ብሎ ራሱ ፈርሞ ባስገባው ወረቀት ነው።

ሶፋ ሠሪው ካሳውን ተማምኖ ለአዲስ የሶፋ መሥሪያ ቤት ቀብድ ከፍሏል። ቀሪውን በወሩ መጨረሻ ካላመጣ ቤቱም ይሄዳል፣ ቀብዱም ይሄዳል… ሠራተኞቹም ይበተናሉ።

ልጅቷ ወረቀቱን አዙራ አሳየችው።

አንደኛው ዓመት… ኪሳራ።

ሁለተኛው… ኪሳራ።

ሦስተኛው… ከሁለቱም የባሰ ኪሳራ።

ከሦስቱም ሥር የራሱ ፊርማ አለ… ያ ሁሌ የሚኮራበት ጅራታም ፊርማ።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ድሮ ሂሳቡን የምትይዝለት ታላቅ እህቱ ነበረች። ትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ቀልድ የማይገባት ሴት።

የየወሩን ደረሰኝ ትሰበስብና በሶፋ መርፌ፣ በዚያ በወፍራሙ ቢጫ ክር ጠርዙን ትሰፋዋለች። «የተሰፋ ወረቀት አይጠፋም» ትላለች። ሠራተኞቹ ይስቁባታል።

ኪራዩን፣ ስፖንጁን፣ ጨርቁን፣ ደሞዙን… በሕግ የሚቀነሰውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ታስቀንስለታለች። ከዚያ የተረፈውን ግን ደብቂልኝ ብሎ ቢለምናትም፣ ቢያኮርፋትም በጄ አትልም።

በየወሩም ከሽያጩ ትንሽ ትንሽ ለግብር ለብቻው ታስቀምጥ ስለነበር ተበድሮ ግብር ከፍሎ አያውቅም። ይህን ልብ ያለው ግን አልነበረም… በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

ከዚያ አማካሪው መጣ።

እዚያው ረድፍ መጨረሻ ላይ ቢሮ የከፈተ፣ ከእሱ በፊት ሽቶው የሚደርስ ሰውዬ። ሻይ ይጋብዛል፣ ቀልድ ያውቃል። የሶፋ ሠሪውን ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገና ከንፈሩን መጠጠለት።

«አንተ እኮ ከስረሃል… የነገረህ ሰው የለም እንጂ።»

ሁለቱም ሳቁ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በዚያው ሳምንት እህቱን ሠራተኞቹ ፊት «እትዬ፣ ለመሆኑ ለኔ ነው ወይስ ለመንግሥት የምትሠሪው?» አላት።

አልተቆጣችም። መርፌዋን ክሩ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወንድምዓለም… ዛሬ የለኝም ብለህ የፈረምከውን ነገ አለኝ ብትል ማን ያምንሃል?»

ብላው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን አማካሪው ያዘው… እሱ በየዓመቱ ኪሳራ እየጻፈ፣ ሶፋ ሠሪው እየፈረመ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቷን አልረገጠም። ታማለች ሲሉት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ… ሥራ የበዛበት ከሳሪ።

እንግዲህ ወደ ካሳ ክፍሉ መስኮት እንመለስ።

ዞር ሲል አማካሪው ከኋላው ተሰልፏል። የእሱም ቢሮ ይፈርሳላ። ሶፋ ሠሪው እጅጌውን ያዘና ምን እንዳደረገው ጠየቀው። ሰውዬው ቀስ ብሎ እጁን አስለቀቀ… ግብር ቀንስልኝ አልከኝ፣ ቀነስኩልህ፣ መንገድ ይሰፋል ያለህ የለም ብሎት ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

ልጅቷ የእሱን ካሳ አንዲት ሳንቲም ሳታጎድል ጻፈችለት።

«አንተስ አልከሰርክም?» አለው ሶፋ ሠሪው።

«እኔማ ያገኘሁትን ነው የማሳውቀው… ልጆች አሉኝ ወንድሜ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምተን ነበር። ይሄኛው ግን የራሱን እያማሰለ የሰው ያሳርራል።

ያኔ ነው ሶፋ ሠሪው መስኮቱ ላይ ያለውን የአማካሪውን ፋይል ያየው።

ጠርዙ… በወፍራም ቢጫ ክር ተሰፍቷል።

«ይሄን ማን ሰፋልህ?»

አማካሪው አላፈረም። «እህትህ ናታ… ካንተ በወጣች በሳምንቱ ነው የቀጠርኳት፣ ቤቷ ሆና ትሠራልኛለች። የራሴን ሂሳብ ለሌላ ሰው አላምንም። አንድ ነገር ብቻ አስምላኛለች… የወንድሜን ወረቀት አታሳየኝ፣ ካየሁ ዝም አልልም ብላ።»

ሶፋ ሠሪው ሰልፉን ጥሎ ወጣ።

በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ከፈተችለት… ከስታለች፣ ፀጉሯም ሸብቷል። ይቅርታ ሊላት ነበር የሄደው።

እሷ ቀደመችው። ተሰልፈው ከነበሩት አንዱ ደውሎላት ሁሉንም ሰምታለች።

«ደረሰኞቹን አምጣቸው… አቤት እንላለን። እኔ እሰፋቸዋለሁ።»

ሶፋ ሠሪው መሬት መሬት አየ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ደረሰኝ አላስቀመጠም… «ጣላቸው፣ ማስረጃ ይሆኑብሃል» ብሎት ነበር አማካሪው።

እህቱ መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠችው።

ሱቁ በወሩ መጨረሻ ፈረሰ፣ ቀብዱም ተበላ። ስምንቱ ሠራተኞች ዛሬ በየፊናቸው ናቸው… እሱም ከሃያ ሁለት ዓመት የራሱ ሥራ በኋላ የሰው ሶፋ ቤት ተቀጥሮ ጨርቅ ይወጥራል።

ወዳጆቼ… የግብር አማካሪ ስትይዙ «ለኔ ምን ያህል ታስቀርልኛለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የራስህን እንዴት ነው የምታሳውቀው?» በሉት። ደግሞ ጆሯችሁን ደስ የሚያሰኘውን ሰው ስትይዙ፣ ማንን እያስወጣችሁ እንደሆነ በሩን ዞር ብላችሁ እዩ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… እህትየው ሦስት ዓመት ዝም ማለቷ ልክ ነበር? ወይስ ብትናገርም አይሰማትም ነበር? ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።